ዲስኩ ተጭሯል

ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ጌም ቤት ከፍቶ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ ለደንበኛ ግን የማትነገር አንዲት ነገር አለች፤ ኪራይ የሚከፍለው ኳስ ነው። ሬስሊንግ ቤቱን ይሞላል፣ ያስጮኻል፣ አላፊ አግዳሚውን ሳይቀር በበሩ አንገቱን ያስገባዋል። ማታ ብሩ ሲቆጠር ግን የሬስሊንግ ቀን የኳስን ቀን ግማሽ አይሞላም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ጌም ቤት የሚያስከፍለው በጨዋታ ነው። ኳስ ከሆነ የጨዋታውን ርዝመት የምትወስነው አንተ ነህ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አንዱን አጋማሽ አምስት ደቂቃ ካደረግከው፣ ማንም ይጫወት ማን በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ይነሣል፣ ወረፋ የያዘው ይቀመጣል። እንደ ታክሲ ነው፤ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይገባል። ሬስሊንግን ሁለት እልኸኛ ልጆች ከያዙት ግን መቼ እንደሚያልቅ እግዜር ነው የሚያውቀው። አንዱ ሌላውን ዘርግቶ ይጫነዋል፤ ዳኛው አንድ፣ ሁለት ብሎ ሦስት ሊል ሲል ትከሻ ይነሣል። እንደገና። አሁንም እንደገና። ሮያል ራምብል ከገቡ ደግሞ ሠላሳ ታጋይ ተራ በተራ ገብቶ ከገመድ በላይ እስኪወረወር ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። የከፈሉት የአንድ ጨዋታ ነው።

የጆይስቲኩም ነገር አለ። ኳስ ተጫዋች ጣቱን ይቆጥባል። ሬስሊንግ ተጫዋች አንገቱን ሲታነቅ ለመላቀቅ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይደበድባል፤ ከቁልፉ ሥር ያለችው ጎማ ትላላለች፣ ከዚያ አንዱ ቁልፍ ተጭነኸው እንዳልተጫንከው ይሆናል። መርካቶ ወርዶ ማስቀየር የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ስለዚህ «ስማክዳውን አለ?» ሲሉን «ዲስኩ ተጭሯል» እንል ነበር።

አልተጫረም። መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ከቤቱ ዲስክ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው «ስማክዳውን፦ ሂር ካምስ ዘ ፔይን» ነው። እስካሁን ድረስ ስሙ ሲነሣ ዓይናቸው የሚበራ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ። የምናወጣው ሠፈሩ ጭር ሲል፣ ዝናብ ሲይዝ፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ መጫወት ሲያምረው ብቻ ነበር። ባለቤቱ እኔ ነኝ።

ይህችን ውሸት የፈጠርኳት እኔ ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ ሳነብ፣ ሰዎች ሲያወሩ ስሰማ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥም ከእኔ ብዙ ዜሮ በሚበልጥ ሒሳብ ኳስና ሬስሊንግ አንድ ሚዛን ላይ ወጥተው እንደነበር ገባኝ። እዚያም ሬስሊንጉ መሳቢያ ገብቶ ቀርቷል። ልዩነቱ እነሱ መሳቢያውን ሲዘጉት ዲስኩ ገና አለመሠራቱ ነው። ነገሩ የተነሣበት የጌም መሣሪያ ድሪምካስት ይባላል፤ እኔ ቤት የገባውም በቦሌ በኩል ነው።

አጎቴ ከዋሽንግተን የመጣው ለ1994 ዓ.ም. ገና ነው። ተርሚናል 2 የተመረቀው በ1995 ዓ.ም. ስለሆነ ያኔ እንግዳ የምንቀበለው በአሮጌው በኩል ነበር። እናቴ አበባ ይዛለች፤ እኔ ዓይኔ ጋሪው ላይ ነው። ፍተሻው ላይ የተባለውን አጎቴ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳጥን ምንድን ነው?»

«ጌም ነው ወንድሜ። ለእኅቴ ልጅ ነው።»

«ፕሌይስቴሽን?»

«አይ፣ ድሪምካስት።»

«እሺ፣ ፕሌይስቴሽን» ብሎ አሳለፈው።

ፈታሹ አልተሳሳተም። ማንኛውም የልብስ ሳሙና ዱቄት ኦሞ እንደሆነ ሁሉ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ ጌም ሁሉ ፕሌይስቴሽን ነው። አንድ ዕቃ የከተማውን አፍ ከያዘ በኋላ ሌላው በምን ስሙ ይግባ?

አጎቴ በዋጋው በጣም ይኮራ ነበር። ድሪምካስት አሜሪካ ገበያ ሲገባ፣ በ9/9/1999 እ.ኤ.አ.፣ ዋጋው 199 ዶላር ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ50 ዶላር በታች ወርዷል። «አጋጣሚ ነው፣ ቅናሽ ላይ ደረስኩ» አለን። የደረሰው ለቅሶ ላይ ነበር። የድሪምካስት ሠሪ ሴጋ ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀው በዚያው ዓመት ጥር 31 ነው፤ መጋቢት ሲያልቅ ተዘጋ። በመደርደሪያ የቀረው ዕቃ እንዲያልቅ ዋጋው በየጊዜው ይወርዳል፣ ለወገን ስጦታ የሚፈልግ ሐበሻ ደግሞ ያነሣዋል። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ብዙ ነገር እንዲህ ነው፤ እዚያ ያበቃለት እዚህ አዲስ ሆኖ ይከፈታል።

ከፈትነው። ሰካነው። ጧ! አለ።

የአሜሪካው ድሪምካስት በ110 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ሽታው ሦስት ቀን ከሳሎን አልወጣም። መርካቶ ያለ አንድ ጠጋኝ ኃይል መቀበያውን አስነሥቶ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አስገዛን፤ ትራንስፎርመሩ ከጌሙ ይከብድ ነበር። ሲበራ ደግሞ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ። የአሜሪካ መሣሪያ ምስል የሚልክበት መንገድና የእኛ ቴሌቪዥን የሚቀበልበት መንገድ አይግባቡም፤ ቅርጹ ይደርሳል፣ ቀለሙ መንገድ ላይ ይቀራል። አጎቴ ያመጣት ዲስክ አንዲት ነበረች፤ «ደብሊውደብሊውኤፍ ሮያል ራምብል»። የሠፈር ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ ሬስሊንግን በጥቁርና ነጭ አየ። ሮክ እንደሆነ ድሮም ጥቁር ቁምጣ ነው የሚለብሰው፤ ማንም ቅሬታ አላሰማም።

ቅሬታው በሌላ በኩል መጣ። «ጎልድበርግ የታለ?» አሉ። «ስቲንግስ?» በካሴት የሚያውቋቸው ናቸው፤ ኪራይ ቤቱ የሬስሊንግ ካሴት የሚለው የሁለቱን ተፎካካሪ የሬስሊንግ ማኅበራት ቀላቅሎ ነበር። እኔም አልለይም። በሚቀጥለው ስልክ አጎቴን ለመንኩት። ፈልጎ ፈልጎ «የለም አሉኝ» አለ። አልቆ መስሎኝ ነበር።

አልተሠራም ነበር። ለምን እንዳልተሠራ እነሆ።

ድሪምካስት ሊወጣ ሲዘጋጅ የሴጋ አሜሪካ ኃላፊ በርኒ ስቶላር ነው። በወዲያኛው በኩል የኤሌክትሮኒክ አርትስ አለቃ ላሪ ፕሮብስት አለ፤ ኩባንያውን በአጭሩ ኢኤ እንበለው፤ ያኔ የፊፋ ጨዋታ አውጪ ነበር። ስቶላር ኋላ ላይ ራሱ እንደተረከው፣ ፕሮብስት አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ በድሪምካስት ላይ የስፖርት ጨዋታ የሚያወጣው ኢኤ ብቻ ይሁን የሚል። ስቶላር ደግሞ ገና ቪዥዋል ኮንሰፕትስ የተባለውን የስፖርት ጨዋታ ሠሪ በ10 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱ ነው። ከእነሱ ጋር ተወዳደር እንጂ ብቻህን አትነግሥም አለው። ኢኤ ጃንጥላውን አንሥቶ ሄደ። ለድሪምካስት አንድም ጨዋታ አላወጣም። ስቶላርም ብዙ አልቆየም፤ መሣሪያው አሜሪካ ገበያ ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ተሰናበተ።

ስለዚህ ጠብ የጻፈ ሁሉ የሚያወራው ስለ ፊፋና ስለ አሜሪካኖቹ እግር ኳስ ነው። ሻንጣው ጥግ ተጠቅልሎ የቀረውን ሬስሊንግ የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን የጌም ቤት ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ወደዚያ ሄደ።

በዚያው ሰሞን የሬስሊንግ ፈቃዶች ሙዚቃ ሲቆም ወንበር እንደሚሻሙት ልጆች ቦታ ይቀያየሩ ነበር። ትልቁን ማኅበር ደብሊውደብሊውኤፍን ይዞ የነበረው አክሌም የተባለ ጨዋታ አውጪ ነው፤ ቲኤችኪው የተባለ ሌላ አውጪ ወሰደበት። ቲኤችኪው ራሱ ደግሞ የተፎካካሪውን የደብሊውሲደብሊውን ፈቃድ ይዞ ነበር፤ እሱን ኢኤ ወሰደ። ቆሞ የቀረው አክሌም ሦስተኛውንና ትንሹን ኢሲደብሊውን ያዘና ተቀመጠ። አክሌምም ቲኤችኪውም ከሴጋ ጋር ሰላም ስለነበሩ ድሪምካስት «ደብሊውደብሊውኤፍ አቲትዩድ»ን፣ «ሮያል ራምብል»ን፣ የኢሲደብሊውን ሁለት ጨዋታዎች አገኘ። የደብሊውሲደብሊው ፈቃድ ግን ኢኤ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኢኤ ደግሞ አኩርፏል። የደብሊውሲደብሊው ታጋይ የነበረው ጎልድበርግ የቀረው እዚያ ነው።

ልብ በሉ፤ ማንም ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብሎ «የድሪምካስቱን ሬስሊንግ ሰርዙ» አላለም። ሌሎች የተሰረዙ ጨዋታዎች ቢያንስ ፎቶ አላቸው፣ ግማሽ የተሠራ ዲስክ ከአንዱ ሠራተኛ ጓዳ ይወጣል፣ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ይሄኛው ስለ ኳስ በተደረገ ጠብ ውስጥ ሳይጠራ የተሰረዘ ነው። ኢኤ ያወጣቸው ሁለቱ የደብሊውሲደብሊው ጨዋታዎች፣ የ1999ኙ «ሜይሄም» እና የ2000ው «ባክስቴጅ አሶልት»፣ ለፕሌይስቴሽንና ለኔንቲዶ 64 ሲወጡ ከሁለቱም የሚበልጥ ጉልበት የነበረው ማሽን አጠገባቸው ቆሞ ያያል።

ደብሊውሲደብሊው እንዲሁ የሚናቅ ስም አልነበረም። የቴድ ተርነር ነው። የሰኞ ማታ ዝግጅታቸው ተፎካካሪውን በተመልካች ብዛት 83 ሳምንት በተከታታይ መርቷል። ከዚያ መውደቅ ሲጀምር ደግሞ እንደ ሰኔ ግንብ ተናደ። የ2001ን መጀመሪያ አንድ ላይ ስታዩት የአንድ ሠፈር ለቅሶ ነው የሚመስለው። ጥር 31 ሴጋ ድሪምካስትን ላቆም ነው አለ። መጋቢት 16 የሴጋው ሽማግሌ ኢሳኦ ኦካዋ ሞቱ፤ ወደ 695 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የግል አክሲዮናቸውን ለኩባንያው አውርሰው ነው የሄዱት፤ ሴጋ በዚያ ገንዘብ ነው የተረፈው። መጋቢት 23 ደብሊውሲደብሊው ለጠላቱ ለደብሊውደብሊውኤፍ መሸጡ ተሰማ፤ ዋጋው ጥቂት ሚሊዮን ዶላር ነበር። መጋቢት 26 የመጨረሻው ዝግጅት ተላለፈ፤ የመጨረሻውን ግጥሚያ ያደረጉት ስቲንግና ሪክ ፍሌር ናቸው። የመጋቢት መጨረሻ ድሪምካስት ማምረት ቆመ። ሚያዝያ 4 ኢሲደብሊው ኪሳራ አወጀ። ማሽኑም፣ ያልመጣለት ማኅበርም፣ የመጣለት ትንሹም በሁለት ወር ከአራት ቀን ውስጥ። አጎቴ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ሳጥኑን ተሸክሞ ቦሌ የወረደው።

እንግዲህ ወደ እኔ ሒሳብ ልመለስ።

ጌም ቤቱን ስከፍት ልቤ ድሪምካስት ላይ ነበር። እብደት አልነበረም። ፕሌይስቴሽን 2 የተቀዳ ዲስክ እንዲያነብ ቺፕ ማስገባት ነበረብህ፤ ቺፕ አስገቢው ጎበዝ ካልሆነ ማሽኑን ገድሎ ይመልስልሃል። ድሪምካስት ግን ሙዚቃና ምስል አብረው እንዲቀመጡ ተብሎ በተተወ አንድ በር ምክንያት ተራ ሲዲ ላይ የተቀዳ ጨዋታ ያነባል፤ ሳይነኩት፣ ሳይከፍቱት። ይህ ነገር ሴጋን ጎድቶታል። ለእኔ ዓይነቱ በባዶ ሲዲ ለሚኖር ሰው ግን ከሰማይ የወረደ መና ነው። በወረቀት ላይ ስታየው ለአዲስ አበባ ጌም ቤት የተሠራ ማሽን ነበር።

ዱባይ እየተመላለሱ ዕቃ የሚያመጡ አንድ ሴት ነበሩ። አዲሱ ተርሚናል ተከፍቷል፤ እሳቸው ግን መስታወቱንም ዕብነ በረዱንም አያዩትም፤ የሚያዩት ሚዛኑን ነው። ሻንጣቸውን በኪሎ፣ ኪሎውን በብር፣ ብሩን በቀን ያስቡታል። ቀረጡን ከፍለው፣ ሠራተኛውን ከፍለው፣ ምን እንደሚተርፍ ገና ዴይራ ሱቅ ውስጥ ሆነው ያውቁታል። ሄጄ አዋየኋቸው።

«እትዬ፣ አሮጌም ቢሆን ድሪምካስት የሚባል ካገኙ ሁለት ያምጡልኝ።»

«ምን ያደርጋል እሱ?»

«ጌም ነው። ቺፕ አይፈልግም። ሬስሊንጉ ደግሞ…»

«ፊፋ ያጫውታል?»

«ፊፋ እንኳ የለውም።»

«ዊኒንግስ?»

«እሱም የለውም።»

ዝም ብለው አዩኝ። «ታዲያ ልጄ፣ ሚስማር ልትመታበት ነው?»

ከዚያ ተቀምጠው ዘረዘሩልኝ። ሌንሱ ሲደክም ማን ይቀይረዋል? ጆይስቲኩ ሲበላሽ ጎማው ከየት ይመጣል? ልጁ እቤቱ ያለው ፕሌይስቴሽን፣ ጎረቤት ያለው ፕሌይስቴሽን፣ ጣቱ የለመደው እሱን፤ ከፍሎ ሌላ ሊማር ነው? «ኳስ የሌለው ማሽን ሠርግ ያለ እንጀራ ነው» አሉኝ። በሕይወታቸው ጆይስቲክ ጨብጠው የማያውቁ ሴት ናቸው። ላሪ ፕሮብስት የሚባል ሰው መኖሩንም አያውቁም። ሁለቱ ግን አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ኳሱን ከወሰድክበት ማሽኑ ቀሪው ሁሉ ቢሟላለትም ራሱን አይችልም። ፕሮብስት ይህን ያወቀው ከላይ ሆኖ ነው። እሳቸው ያወቁት በሻንጣ ክብደት ነው።

አራት ፕሌይስቴሽን 2 አመጡልኝ። ቤቱ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለነበር አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ኮሜንታተሩ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ አውሮፕላኑ ሲያልፍ ጎል ገብቶ ይጠብቅሃል። ልጆቹ ለዚያም ቀልድ ነበራቸው። በዚያ ቤት ውስጥ ነው «ዲስኩ ተጭሯል» ማለት የጀመርኩት።

አንድ የቀረ ወሬ አለ። ደብሊውሲደብሊው ሲሸጥ ኢኤ የያዘው ፈቃድ ባዶ እጅ ሆነ። ኩባንያው ግን ሬስሊንግን ጨርሶ አልተወም፤ የቲኤችኪውን የድሮ የደብሊውሲደብሊው ጨዋታዎች የሠራውን አኪ የተባለ የጃፓን ቤት ጠራና፣ ታጋዮች ሲጠፉ ራፐሮችን ሪንግ ውስጥ አስገባ። በ2003 የወጣው «ዴፍ ጃም ቬንዴታ» ያ ነው። ዲኤምኤክስ ሰው አንሥቶ ሲያፈርጥ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ ቤት እሱም ነበር። ከስማክዳውን ያጠረ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። እሱ «አልተጫረም»።

አሁን ጌም ቤቱ የለም። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ናቸው፣ የእኛ ሰዎችም ጨዋታ ሲሠሩ ኮንሶል የሚባለውን ዘልለው ቀጥታ ወደ ስልክ ነው የሄዱት፤ የቅኔ ጌምስን «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» ያያችሁ ታውቃላችሁ። ገበጣ ስልክ ውስጥ ሲገባ አብሮት በባህል ስፖርት ውድድር የሚሰለፈው ትግል ግን የቀረ ይመስለኛል። እኔ ምክንያቱን እጠረጥራለሁ፤ ለማያምን ሰው ግን አላስረዳም።

ድሪምካስቱ እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ላይ፣ ከከባዱ ትራንስፎርመሩ ጋር አለ። ጆይስቲኩ ውስጥ የምትገባ የራሷ ትንሽ ስክሪን ያላት ማስታወሻ አለችው፤ በሰዓት ባትሪ ነው የምትሠራው፤ ባትሪዋ ሲያልቅ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ረጅም ጩኸት ትጮኻለች። ባትሪዋ ካለቀ ዓመታት ሆኖታል። ባለፈው በዓል የእኅቴን ልጆች ላሳያቸው ብዬ ሰካሁት። ጮኸ። እናቴ ከጓዳ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«ምንም አይደል እማ፤ ባትሪ የለውም።»

«ታዲያ ግዛለት እንጂ» አለችኝና ወደ ወጧ ተመለሰች።